ለመምህራን የምስጋና ኩኪስ፦ ትሪ ላይ የማይፈስ፣ ለጾመኛም የሚሆን

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆቼ አዲስ አበባ ነው የሚማሩት። ትምህርት ሲዘጋ ለስምንት መምህሮቻቸው ቤት የተጋገረ ኩኪስ ትንሽ ትንሽ አድርጌ ልሰጥ አስቤያለሁ። ለሙከራ የጋገርኩት ግን ትሪው ላይ ፈሶ እርስ በርሱ ተጣበቀ፤ ሥሩ አረረ፣ መሐሉ ሊጥ እንደሆነ ቀረ። 250 ግራም የገበታ ቅቤ አቅልጬ፣ 2 ብርጭቆ ስኳር፣ 2 እንቁላል፣ 3 ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄትና 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ነው ያደረግኩት። ያለኝ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቭን ነው፤ ሚዛን የለኝም። ቀላልና የማያሳፍር አሠራር ብትነግሩኝ?

ምላሽ፦

ሊጡን ያፈሰሱት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የቀለጠው ቅቤ፣ የስኳሩ ብዛትና ቤኪንግ ፓውደሩ። ሦስቱም አንድ ላይ ሲገናኙ ኩኪስ ሳይሆን ቂጣ መሆኑ አይቀርም።

ቅቤ ጠጣር ሆኖ ሊጥ ውስጥ ሲገባ፣ ኦቭን ውስጥ እስኪቀልጥ ድረስ የሚወስደው ጊዜ ለኩኪሱ ጠርዝ መድረቂያ ይሆነዋል። ቀልጦ ከገባ ግን ያ ጊዜ የለም፤ ሙቀቱ እንደነካው መሄድ ይጀምራል። ስኳርም ደረቅ ይምሰል እንጂ ሲሞቅ ይቀልጣልና በኩኪስ ሥራ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው። ለ3 ብርጭቆ ዱቄት 2 ብርጭቆ ስኳር፣ በዚያ ላይ 2 ሙሉ እንቁላል፣ ከመጠን በላይ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ ደግሞ የከፍታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ውሃ እንኳ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ቆላ ካለው በላይ ይለጠጣል። ሊጡ አቅም ሳያገኝ ተነፍቶ ይወድቃል፣ ሲወድቅ ወደ ጎን ይሄዳል። እርጥበቱም ቶሎ ስለሚተን የሚቀረው ስኳር ይበረታል፤ ጠርዙ እንደ ከረሜላ ተሰባሪ የሚሆነው በዚህ ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላለ ወጥ ቤት የተጻፈ ልክ እንዳለ ሲገለበጥ የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው።

ስለዚህ ለስጦታ የምመክርዎ ምንም ማስነሻ የሌለው ሊጥ ነው። ቤኪንግ ፓውደርም ሶዳም አይገባበትም። ከፍታው ብዙ አይነካውም፣ ቅርጹን ይይዛል፣ ደረቅ ስለሆነ በትምህርት ቤት ቦርሳ ሲንገላታም ይችላል፣ ከሳምንት በላይም ይቆያል። መሐሉ ለስላሳ የሆነውና ቸኮሌት የተሞላው ኩኪስ ትኩስ ሲበላ ደስ ይላል፤ ለስጦታ ግን አይመረጥም፤ በሁለተኛው ቀን ይለዝዛል፣ ተደራርቦ ሲቀመጥም ይጣበቃል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፦ ትምህርት የሚዘጋው በጾም ነው። የሐዋርያት ጾም የሚገባው ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ ነው፤ ቢፈጥን ግንቦት 16፣ ቢዘገይ ሰኔ 20 ይገባና ሐምሌ 5 ይፈታል። ማለትም የትኛውም ዓመት ይሁን የሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ጾም ነው። በቅቤና በእንቁላል የተሠራ ኩኪስ ለጾመኛ መምህርት ሲሰጧት አመስግና ትቀበልዎታለች፣ ግን ለጎረቤት ልጆች ነው የምታድለው። ስለዚህ ለሰኔ የጾሙን ሊጥ ብቻ ይጋግሩ። ለጾመኛውም፣ ለማይጾመውም፣ ለሙስሊሙም ይሆናል፤ ማን ጾመኛ ነው ማን አይደለም ብለው መጠያየቅም አይኖርብዎትም። የቅቤውን ደግሞ ለመስከረም ያቆዩት፦ የዓለም የመምህራን ቀን በፈረንጅ ኦክቶበር 5፣ በእኛ መስከረም 25 ገደማ ይውላል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ እንዳይሆን ብቻ ይዩ። ሁለቱንም ከታች አስቀምጫለሁ።

መለኪያ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሚዛን የለኝም ብለዋልና። ቤት ያለው ብርጭቆ ከ150 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ሊይዝ ይችላል፤ “3 ብርጭቆ ዱቄት” የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም። ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ይውሰዱና ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች ላይ እኩል ያካፍሉት። እያንዳንዳቸው የያዙት 250 ሚሊ ሊትር ነው። ውሃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ ወይም በፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚህ በኋላ “ብርጭቆ” የምለው ይህንን ምልክት ነው። የሾርባ ማንኪያ ስል ደግሞ 15 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ ስል 5 ሚሊ ሊትር ነው። የቤት ማንኪያ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል። ከልጆች ሽሮፕ ጋር የምትመጣው ትንሿ የፕላስቲክ መለኪያ 5፣ 10 እና 15 የሚል መስመር ስላላት በደንብ አጥበው እሷን ይጠቀሙ።

ዱቄቱን መጀመሪያ ይንፉት። ከዚያ በማንኪያ እያነሱ ወደ ብርጭቆው ቀስ ብለው ይጨምሩ እንጂ ብርጭቆውን ከዱቄቱ ዕቃ ውስጥ አይንከሩት፤ ጠረጴዛም ላይ መታ መታ አያድርጉት። በማንኪያ ሲሞላ 130 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ሲነከርና ሲጠቀጠቅ 160 ሊደርስ ይችላል። በሦስት ብርጭቆ ላይ ይህ 90 ግራም ልዩነት ነው፣ ኩኪሱ ድንጋይ የሚሆነውም በዚህ ነው። ሚዛን የመግዛት አቅሙ ካለዎት ግን ይግዙ፤ ከማንኛውም የመጋገሪያ ዕቃ በፊት የሚቀድመው እሱ ነው።

ስኳሩም መፈጨት አለበት። ሱቅ የሚሸጠው ስኳር ጥሬው ትልልቅ ነው፣ ይህ ሊጥ ደግሞ የሚያሟሟው ውሃ የለውም። ሳይፈጭ ከገባ ኦቭን ውስጥ ቀልጦ ኩኪሱን ያፈሰዋል፣ ላዩ ላይም ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል። በደረቅ ብሌንደር አንድ ደቂቃ ያህል ፈጭተው በጥቅጥቅ ወንፊት ይንፉት፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን መልሰው ይፍጩ። 10 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ስኳር 125 ግራም ይሆናል፣ ሲፈጭ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ይሞላል።

የጾሙ ኩኪስ፣ በለውዝና በሰሊጥ

48 ኩኪስ ገደማ የሚወጣው፣ ማለትም ለስምንት መምህር ስድስት ስድስት የሚደርሰው፣ ይህ ነው፦ 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት (2 ብርጭቆ ከ5 የሾርባ ማንኪያ)፣ 150 ግራም ለውዝ (ሳይፈጭ 1 ብርጭቆ)፣ 120 ግራም የተፈጨ ስኳር (1 ብርጭቆ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው)፣ 150 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ዘይት (10 የሾርባ ማንኪያ)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለላዩ 4 የሾርባ ማንኪያ ያልተቆላ ነጭ ሰሊጥ። ከፈለጉ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዲስ የተፈጨ ኮረሪማ ይጨምሩበት፤ ከለውዝ ጋር በጣም ይስማማል። ከዚህ በላይ ግን አይጨምሩ፣ ይመራል።

ዘይቱ የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ይሁን። የሚረጋው የፓልም ዘይት ኩኪሱን ምላስ ላይ ሰም ሰም ያሰኘዋል፤ የኑግ ዘይት ደግሞ ጣዕሙ በርትቶ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። በማርጋሪን ልሥራው ካሉ ማሸጊያውን ያንብቡ፤ አንዳንዱ ወተት ወይም የወተት ተዋጽኦ ይገባበታል፣ ያ ከሆነ የጾም አይደለም።

ለውዙን ከመቁላትዎ በፊት አንድ በአንድ ይልቀሙት። የጠቆረ፣ የሻገተ ወይም የተጨማደደ ካለ ይጣል። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ሲቆላም ሲጋገርም አይጠፋም። ሱቅ ተቆልቶ የሚሸጠውን የምመርጠው ቀምሼ ካየሁት ብቻ ነው፤ የቆየ ለውዝ ዘይቱ ይበላሽና ሽታው ሙሉ ትሪ ኩኪስ ይዞ ይጠፋል። በዝግታ እሳት ከ10 እስከ 12 ደቂቃ እያማሰሉ ይቁሉት፤ ሽታው ሲመጣና አንዱን ለሁለት ሲከፍሉት ውስጡ ነጣ ያለ ወርቃማ ሲሆን ያውርዱት። ምጣዱ ላይ አይተዉት፣ ሙቀቱ ብቻውን ያሳርረዋል። አሽተው ገለባውን በሰፌድ ያንፍሱትና ፍጹም ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ቢፈጩት ዘይቱን ለቅቆ ወደ ለውዝ ቅቤነት ይለወጣል። ሲፈጩትም ከተለካው ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ ወስደው ከለውዙ ጋር ይጨምሩና ብሌንደሩን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ እያደረጉ ይፍጩት፤ ዱቄቱ የሚወጣውን ዘይት ይይዘዋል። እንደ ደቃቅ አሸዋ ሲሆን ይበቃዋል። ጥቂት ከረር ያለ ቢቀርበት ደግሞ ጥሩ ነው፣ ጥርስ ላይ ደስ ይላል።

ደረቁን ሁሉ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ደባልቁት። ዘይቱን በአንዴ አያፍስሱት፤ መጀመሪያ 8 ማንኪያ ጨምረው በጣትዎ ጫፍ እያሹ ይቀላቅሉ፣ የቀረውን አንድ አንድ ማንኪያ ያስከትሉ። ዱቄት እንደ ዓይነቱና እንደ እርጥበቱ የሚጠጣው ዘይት ይለያያልና ልኩን የሚነግርዎ እጅዎ ነው። አንድ እፍኝ ይያዙና ጨበጥ ያድርጉት። ሲለቁት የጣቶችዎን ቅርጽ ይዞ ከቆየ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ከተሰበረ ደርሷል። ከፈረሰ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩ። መዳፍዎ ላይ ዘይት ካብለጨለጨ በዝቷል፤ አንድ ማንኪያ ዱቄት ይመልሱበት። ውሃ አይጨምሩ! ውሃ ከዱቄቱ ጋር ሲታሽ ሊጡን እንደ ዳቦ ሊጥ ያለጥጠዋል፣ ሲጋገር ይደርቃል። ሸፍነው 15 ደቂቃ ያሳርፉት፤ ዱቄቱ ዘይቱን ጠጥቶ ለመድቦልቦል ይመቻል።

ከዚህ በኋላ ሥራው የልጆቹ ነው። አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ሊጥ 15 ግራም ገደማ ነው፤ ሁሉም እኩል ካልሆነ ትንሹ ሲያርር ትልቁ ጥሬ ይሆናል። ያድቦልቡሉት፣ አናቱን ውሃ ነካ አድርገው ሰሊጡ ውስጥ ይጫኑት፣ ትሪ ላይ ደርድረው በሻይ ብርጭቆ ቂጥ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እስኪቀረው ጠፍጠፍ ያድርጉት። ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ቢወጣ የዚህ ኩኪስ መልኩ ነው፣ አይጠጋገን። ብዙ ስለማይሰፋ በመካከላቸው 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሰሊጡ ያልተቆላ ይሁን ያልኩት ኦቭን ውስጥ ራሱ ስለሚቆላ ነው፤ የተቆላ ከሆነ ያርራል። ሙቀቱ 165 ዲግሪ፣ ጊዜው ከ16 እስከ 18 ደቂቃ።

ለውዝ የማይስማማው ሰው አለና ስጦታ ከመላክዎ በፊት ይጠይቁ። አለርጂ ያለበት መምህር ካለ ለውዙን በሙሉ ትተው ዱቄቱን 400 ግራም ያድርሱት (3 ብርጭቆ ከ1 የሾርባ ማንኪያ)፣ 50 ግራም የበቆሎ ስታርች (6 የሾርባ ማንኪያ) ይጨምሩበት፣ ዘይቱን ግን እጅዎ እስኪነግርዎ ድረስ አንድ ሁለት ማንኪያ ከፍ ያደርጉታል። ሰሊጥም አለርጂ ያስነሳል፤ ያኔ ላዩን በሹካ ብቻ ጫን ያድርጉበት።

የቅቤው ኩኪስ

ልኩን ለመያዝ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ማስታወስ ይበቃል፦ አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት፣ በክብደት። 125 ግራም የተፈጨ ስኳር (1 ብርጭቆ)፣ አንድ ባለ 250 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 375 ግራም ፉርኖ ዱቄት (3 ብርጭቆ ሲቀነስ 2 የሾርባ ማንኪያ)፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የ1 እንቁላል አስኳል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ። ነጩን ያውጡት፤ አብዛኛው ውሃ ነው። ፉርኖው ጠንከር ያለ ከሆነ 5 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ቀንሰው በምትኩ 5 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ያግቡ፣ ኩኪሱ አፍ ላይ ይሟሟል። ለሙስሊም መምህራን የሚሰጡ ከሆነ ፈሳሹን ቫኒላ ትተው የዱቄቱን ይጠቀሙ፤ አንዳንዱ ፈሳሽ ቫኒላ አልኮል አለው።

ቅቤው የገበታ ቅቤ ነው እንጂ ለጋ ቅቤ አይደለም። የገበያው ለጋ ቅቤ የያዘው ውሃ ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ይለያያል፣ ሽታውም ከስኳር ጋር አይሄድም። ንጥር ቅቤ ደግሞ ውሃው በሙሉ የወጣለት ንጹሕ ስብ ስለሆነ ኩኪሱን ያሸዋዋል፤ ኮሰረቱና ቅመሙም ሌላ ዓለም ነው።

በክረምት አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ቅቤ ከፍሪጅ ወጥቶ ለመለስለስ አንድ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ችኮላው ነው እሳት ላይ የሚያስጥደው። በኩብ ቆራርጠው ሰፊ ሳህን ላይ ቢበትኑት በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። በጣት ሲጫኑት ጣትዎ ሳይንሸራተት ቅርጹን ትቶ ከገባ ልክ ነው። ላዩ ካብረቀረቀ አልፏል፣ ወደ ፍሪጅ ይመለስ። ቅቤና ስኳሩን በእንጨት ማንኪያ አንድ ወጥ እስኪሆን ብቻ ያማስሉ፤ ሚክሰር ካለም ከ1 ደቂቃ አይበልጥ። ለኬክ እንደሚደረገው እስኪነጣና እስኪነፋ መምታት እዚህ ጥፋት ነው፦ የገባው አየር በዚህ ከፍታ ተለጥጦ ኩኪሱን ይነፋውና ያወድቀዋል። አስኳሉን፣ ጨውና ቫኒላውን ያግቡ፣ ዱቄቱን በሁለት ጊዜ ይጨምሩ፣ ደረቅ ዱቄት መታየት ሲያቆም እጅዎን ያንሱ። ማሸት የለም።

ሊጡን ለሁለት ከፍለው በላስቲክ ወይም በመጋገሪያ ወረቀት ላይ 4.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዱላ አድርገው ያንከባልሉት፣ ጠቅልለው ፍሪጅ ያስገቡት። ቢያንስ 1 ሰዓት ይቆይ፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሁለቴ አገላብጡት፣ አለዚያ የተኛበት ጎን ጠፍጣፋ ይሆናል። ሲጠነክር በስለታም ቢላ ይቁረጡት። ውፍረቱ እኩል እንዲሆን ከጎኑ እርሳስ ያስቀምጡና በእርሳሱ ውፍረት ልክ ይቁረጡ፤ 7 ሚሊ ሜትር ነው፣ የምንፈልገውም እሱን ነው። በዚህ ዘዴ የሊጥ መዳመጫም ቅርጽ ማውጫም አያስፈልግም፣ ቁርጥራጭ ሊጥ እየሰበሰቡ ደግሞ ደጋግሞ መዳመጥም ይቀራል። 55 ገደማ ይወጣል። በ170 ዲግሪ ከ13 እስከ 16 ደቂቃ።

ድሬዳዋ ወይም ሌላ ሞቃት ከተማ ያላችሁ የተቆረጠውን ከነትሪው ለ15 ደቂቃ እንደገና አቀዝቅዙ። በባህር ጠለል አካባቢ ባሉ የውጭ ከተሞች የምትጋግሩ ደግሞ ሙቀቱን 5 ዲግሪ ዝቅ ብታደርጉ ይበቃል፤ ልኩ አይለወጥም። አሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤት ለውዝ ያለበት ነገር ግቢ እንዲገባ ስለማይፈቅድ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ኦቭንዎ

ሥሩ ያረረው በትንሽ ኦቭን ጠባይ ነው። ታችኛው ማሞቂያ ብረት ከትሪው በጣም ይቀርባል፣ ቀጭኑና ጥቁሩ ትሪ ደግሞ ሙቀቱን ቀጥታ ያሳልፋል። መላው ቀላል ነው፦ ሁለት ትሪ አደራርበው በላይኛው ላይ ይጋግሩ፣ የመጋገሪያ ወረቀት ያንጥፉ፣ መደርደሪያውን መሐል ወይም ከመሐል ከፍ ያለው ላይ ያድርጉት፣ የመጋገሪያው ጊዜ ሲጋመስ ትሪውን ያዙሩት። ትሪ በድርብ ሲሆን 2 ደቂቃ ገደማ ይጨምሩ። የኦቭኑ ጠቋሚ መብራት በመጥፋቱ ብቻ ሞቋል ብለው አይመኑ፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይሞቅ። የሙቀት ማዞሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥርና ውስጡ ያለው ሙቀት በ20 እና በ30 ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ኩኪስ ብቻ ያስገቡ፦ በ8 ደቂቃ ጠርዛቸው ከጠቆረ ሙቀቱን 15 ዲግሪ ይቀንሱ፣ በ18 ደቂቃ ገርጥተው ከቀሩ 15 ይጨምሩ። ሁለት ኩኪስ አጥተው ሙሉውን ያተርፋሉ።

መድረሱን በዓይን ይለዩ። ጠርዙ ቀለል ያለ ወርቃማ ሆኖ መሐሉ ነጣ ብሎ ሲታይ፣ አንዱን በቢላ ጫፍ ቀና ሲያደርጉት ሥሩ የደረቀ ዳቦ መልክ ሲይዝ ያውጡት። በዚያ ሰዓት ሲነኩት ለስላሳ ነው፤ ብዙዎች “ገና ነው” ብለው የሚመልሱትና ድንጋይ የሚያደርጉት እዚህ ላይ ነው። ትሪው ላይ 5 ደቂቃ ሲቆይ ይጠነክራል፣ ከዚያ ወደ ሽቦ መደርደሪያ ወይም ወደ ንጹሕ ወንፊት ይዛወር። ሁለተኛውን ዙር በትኩስ ትሪ ላይ አይደርድሩ፣ ኦቭን ሳይገባ ይቀልጣል።

መብራት በመሐል ቢሄድ፦ ገና ከ5 ደቂቃ በታች ከሆነ አውጥተው ያቀዝቅዙት፣ ሲመጣ እንደገና ይጀምሩ። ከ8 ደቂቃ ካለፈ በሩን ሳይከፍቱ ይተዉት፤ በቀረው ሙቀት እየደረቀ ይሄዳል፣ ካልበቃውም መብራት ሲመጣ ይጨርሱታል። የእንጀራ ምጣዱን በተመሳሳይ ሰዓት አይጣዱ፣ ቆጣሪውን ይጥለዋል። ኦቭን የሌላት አንባቢ የጾሙን ኩኪስ ወፍራም ብረት ድስት ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ጨው አንጥፋ፣ ማቆሚያ አስቀምጣ፣ ክዳኑን ገጥማ 15 ደቂቃ ካሞቀች በኋላ በለስላሳ እሳት ከ22 እስከ 25 ደቂቃ መጋገር ትችላለች። ላዩ አይቀላም፣ ግን ይበስላል።

በዚህ ሊጥም ችግር ሊመጣ ይችላል። ደርቆ ጥርስ የሚሰብር ከሆነ ዱቄቱ ተጠቅጥቆ ተለክቷል ወይም ሊጡ ታሽቷል። እጅ ላይ የሚፈርስ ከሆነ ቅቤው ወይም ዘይቱ አንሷል፣ ወይም ሳይቀዘቅዝ ነው የተነሣው። የቅቤው አሁንም ከሰፋ ሊጡ በቂ አልቀዘቀዘም፤ የቀረውን ዱላ ፍሪዘር ውስጥ 20 ደቂቃ ያስገቡት። የሳሙና ጣዕም ከመጣ አንድ ሰው ሶዳ ጨምሯል፣ አሲድ ሳያገኝ የቀረ ሶዳ ጣዕሙ ያ ነው። ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት ዱቄት ገዝተው እንደሆነም ማሸጊያውን ይዩ።

ማሸግና ማድረስ

ኩኪሱ ፍጹም ሳይቀዘቅዝ አይታሸግ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይጠብቁ። ለብ ያለው እንኳ ላስቲኩን ከውስጥ ያወዛዋል፣ በማግሥቱ ኩኪስ ሳይሆን የረጠበ ብስኩት ነው። ሰኔ ዝናብ የገባበት ወቅት ስለሆነ ሳህን ላይ በጨርቅ ሸፍኖ ማሳደርም አይሆንም፤ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ይፈልጋል። ዕቃው በርበሬና ሽሮ ካለበት ቁም ሣጥን ይራቅ። ቅቤ ሽታ የመሳብ ኃይሉ ከፍተኛ ነው፣ በአንድ ሌሊት በርበሬ በርበሬ የሚል ኩኪስ ሊያገኙ ይችላሉ። ከለዘዘብዎት በ150 ዲግሪ 5 ደቂቃ አሙቀው ቢያቀዝቅዙት ይመለሳል።

ስድስቱን በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት አድርገው በንጹሕ የምግብ ላስቲክ ጠቅልለው አፉን በሪባን ይሰሩት። ኬክ ቤቶች የሚጠቀሙበት ትንሽ ካርቶን ካገኙ ላስቲኩን ከነኩኪሱ ውስጡ ያስቀምጡ። በትንሽ ሙዳይ መስጠት በጣም ያምራል፤ ነገር ግን ሙዳዩ አየር ስለሚያስገባ ላስቲኩ አይቅር። ጋዜጣ ወይም የታተመ ወረቀት ኩኪሱን አይንካ፣ ቅባቱ ቀለሙን ይስባል።

ከውጭ ሁለት ነገር ይጻፍበት። አንደኛው ምን እንደገባበት ነው፦ “የጾም ነው። ፉርኖ ዱቄት፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ስኳር፣ ዘይት።” ይህ መስመር ከሪባኑ ይበልጣል፤ ጾመኛዋ ሳትጠራጠር ትበላለች፣ ለውዝ የማይስማማው ይጠነቀቃል። ሁለተኛው ልጅዎ በራሱ እጅ የሚጽፈው ነው። ፊደሉ ቢንጋደድም አያርሙት፤ “መምህርት፣ ክፍልፋይ እስኪገባኝ ደጋግመው ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ” የሚል አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ረጅም ከተገለበጠ ጽሑፍ በጣም ይበልጣል። የሚሰጥበትን ቀን በተመለከተ፣ ካርድ ከተሰጠ በኋላ ይሁን። ውጤት ሳይገባ የሚሰጥ ስጦታ መምህሩን ያስጨንቃል። ለሁሉም ልኩ አንድ ይሁን፤ የስፖርቱም የሒሳቡም መምህር እኩል ስድስት ይድረሳቸው። ከቻሉ ለረዳት መምህርቷና ለበር ጥበቃው አንድ አንድ ጥቅልል ቢጨምሩ እወዳለሁ፤ ያኔ ልኩን በሩብ ከፍ ያድርጉት፣ ማለትም 375 ግራም ዱቄት፣ 190 ግራም ለውዝ፣ 150 ግራም ስኳር፣ 190 ሚሊ ሊትር ዘይት።

ሥራውን በአንድ ቀን አይጨናነቁበት። ካርድ የሚሰጠው ዓርብ ከሆነ ለውዝና ስኳሩን ማክሰኞ ይፍጩ፣ ረቡዕ ጋግረው ማታ ክዳን ባለው ዕቃ ያስገቡ፣ ሐሙስ ከልጆቹ ጋር ያሽጉ። መብራት አንድ ቀን ቢሄድም ሐሙስ ይቀርልዎታል። የጾሙ በደንብ ከተዘጋ ሁለት ሳምንት፣ የቅቤው ዐሥር ቀን ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። የቅቤው ሊጥ ዱላ ደግሞ በላስቲክ በድርብ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ወር ይቀመጣል፤ ሲፈልጉት 10 ደቂቃ ውጭ አቆይተው ቆርጠው ያስገቡት።